አዮዲን የሚሸት ውስኪ

«ሻይ! ቀዝቃዛ ሻይ! ሃምሳ ሰው ቆሞ እያየ፣ ብርጭቆ ተደርድሮ፣ ሻይ!»

«እናቴ፣ በፈጠረዎ ቀስ ይበሉ። ደንበኛ ይሰማል።»

«ይስማ እንጂ! ላሰማ አይደል የመጣሁት?»

«እኔ የሸጥኩልዎ የታሸገ ጠርሙስ ነው። ሰሙ ላይ አንዲት ስንጥቅ አልነበረችም፤ ራስዎም አገላብጠው አይተውታል።» ባለሱቋ ፊቷን ወደ መጋዘኑ አዞረች። «ቡሽ! እስቲ ወዲህ ና! የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማክሰኞ ማክሰኞ ማን እጅ ነው የሚገባው? ንገራቸው!»

ቡሽ የሚሉት የመጋዘን ሠራተኛ የአቧራ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አጭር፣ ደንዳና፣ አምሳን የተሻገረ ሰው ነው። «ድሮስ!» አለ። «አንድ ጊዜ የታሰረ ሰው፣ ጣራው ካፈሰሰ ቀዳዳው የእሱ ነው።»

መርማሪው በሩ ላይ ከቆመ ቆይቷል። ሲገባ ከበሩ በላይ የተንጠለጠለችው የነሐስ ደወል ጮኻ ነበር፤ የሰማት ግን የለም። በሥራው ያረጀ ሰው በመሆኑ ጠብ መሃል ቶሎ መግባት እንደማያዋጣ ያውቃል። ሰው ተቆጥቶ ከሚናገረው ግማሹ ውሸት ቢሆንም፣ የቀረው ግማሽ በእርጋታ ሲጠየቅ የማይወጣ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፖሊስ የጠራው ማነው?»

«እኔ!» አሉ ሁለቱም ሴቶች እኩል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በከተማው ሆስፒታል ሃያ ስምንት ዓመት ከአንድ ቀዶ ሐኪም ጎን የቆመች ነርስ፣ ሐኪሙ ጡረታ ሲወጣ የምትሰጠው ስጦታ ፈልጋ ወደዚህ የመጠጥ ሱቅ መጣች። የመረጠችው ውስኪ በባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት የኖረ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ የቆየ፣ ከሩቅ ደሴት የመጣ አንድ ለእናቱ የሆነ ጠርሙስ ነው። ሐሙስ ገዛችው። ቅዳሜ በሆስፒታሉ አዳራሽ በሽኝቱ ላይ ሐኪሙ ቀዩን ሰም በቢላ ልጦ፣ ቡሹን ነቅሎ፣ ለወዳጆቹ ቀዳ። የመጀመሪያው የቀመሰ ሰው ሳቀ። ሁለተኛውም ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ሐኪሙ ነው፤ «ሲስተር፣ በመጨረሻው ቀን ቀልድ ጀመርሽ?» አላት።

«ነገ ይሄዳል» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሎ። «በአሥራ አንድ ሰዓት አውሮፕላን፤ ልጁ ጋ፤ ላይመለስ። ቀልድ መሆኑን አምኖ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መርማሪው ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ የፊት ወረቀቱ ወይቦ የሻገተ ቅጠል የመሰለ። ከጀርባው ጠባብ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ደቃቅ መስመሮች እንደ መሰላል ተደራርበዋል፤ በየመስመሩ ጎን ዓመተ ምሕረት።

«ይሄስ?»

«የአባቴ አመል ነው» አለች ባለሱቋ። «ያረጀ ውስኪ ታሽጎም ቢሆን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ቡሽ ይተነፍሳል።»

«እኔን አይደለም» አለ ቡሽ።

«እና አባቴ ዓመት ሲብት በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አውጥቶ የት ድረስ እንደወረዱ ያሰምራል። ያሰምር ነበር። ግማሽ አካሉ ከታመመ ስድስት ወሩ ነው፤ ንግግርም የለው። ፎቅ ላይ ነው ያለው።»

መርማሪው ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

* * *

ነርሷን በሱቁ ጓዳ፣ በባዶ ካርቶኖች መሃል አነጋገራት። ትንሽ ሴት ናት፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለሉን ለመንካት ያመነታል።

«ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ጠርሙሱ የት ነበር?»

«ቤቴ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የክረምት ብርድ ልብስ ስር። ብቻዬን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ በመኪናው ወሰደልኝ፤ እኔ ተረኛ ነበርኩ።»

«ይጠጣል?»

«ሽሮፕ ነው የምንለው» አለች፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ለምን ይህን መረጡ? ስንት ውስኪ እያለ።»

የሽንኩርት ቅርፊት እንደሚልጥ ሰው፣ ከላይ ካለው ጀመረች። «ሌሎቹ እስክሪብቶ ሰጡት። ካባ ሰጡት። የግድግዳ ሰዓት ሰጡት፤ ሰዓት! ጡረታ ለሚወጣ ሰው! እኔ የፈለግሁት አዮዲን የሚሸት ነገር ነው። እዚህ መጥቼ እንዲህ ያለ መጠጥ አለ ወይ ስላት ልጅቷ አልሳቀችብኝም። አባቷ ደንበኛ የሚያሸትታቸው ትናንሽ ብልቃጦች የሞሉበት የእንጨት ሳጥን አላቸው። ሦስት ሐሙስ ተመላለስኩ። አንዱ ማር ይላል፣ አንዱ የፖም ልጣጭ፣ አንዱ አዲስ የተላገ ሳንቃ። በሦስተኛው ሐሙስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለችውን ብልቃጥ ስትከፍትልኝ፣ ‹ይሄ ነው› አልኩ። ጭስና አዮዲን።»

«አዮዲኑስ ለምን?»

«ሰላሳ ዓመቱ ነው። በአንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። እሱ ገና የመጣ ሐኪም ነው። አንዲት እናት በምጥ ተይዛ መጣች፤ ሆዷ ሲከፈት መብራት ጠፋ። ሰው ስላልነበረ እኔን ጠሩኝ፤ ፋኖስ ያዢ ተባልኩ። አጭር ነኝ፣ ያዩኛል፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ላዩ ላይ አቆሙኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ያዝኩ። መሃል ላይ የአዮዲኑ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ፤ ክፍሉ በሞላ፣ ልብሳችን በሞላ፣ ሽታው ሳምንት አልለቀቀንም። እናትየዋም ሕፃኑም ዳኑ። በነጋው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ፊቴ ተሸፍኖ ስለነበር አላየኝም።»

«ከዚያ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ተመደብኩ። እጄን ጨብጦ ‹እንኳን ደህና መጣሽ፣ አዲስ ነሽ?› አለኝ። አዎ አልኩት።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ራሱ ያስታውሰኛል ብዬ ነዋ። ወሬው ሲነሳ እናገራለሁ አልኩ፤ ሳይነሳ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ። መቀስ ሲለኝ መቀስ እሰጠዋለሁ።» ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ቢያሸተው ይመጣለት ነበር። እርስዎስ ሰው የሚያመጣብዎ ሽታ የለም?»

«የለም» አለ መርማሪው።

ዋሸ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ዘይት ሽታ አፍንጫው ስር ቆመ።

* * *

የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ ሽሮፕ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ክኒን በማንኪያ እየቆጠረ ነበር። የፖሊስ መታወቂያውን ሲያይ ቆጠራው ተበላሸበት።

«እሷ ናት የላከችዎ? ይኸውልዎ ጌታዬ፣ ልናገር። ጠርሙሱን ከቤቷ ተቀብዬ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ እስካስቀምጠው ሃያ ደቂቃ ነው። አጠገቤ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ተቀምጣ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ምራቷ ስታወራልኝ። ይጠይቋት። ስለ ምራቷም ይነግሩኛል፤ መጨረሻውን አልሰማሁም።»

«አስበውት ግን ያውቃሉ?»

«ማሰቡንማ አስቤዋለሁ!» ደረቱን መታ። «እንዲያ ያለ ጠርሙስ ጭኔ ላይ ተቀምጦ! ግን እኔን ይመልከቱኝ። እኔ ብሰርቅ ባዶውን ነው የሚያገኙት። ሻይ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሞልቼ፣ በሰም የማሽግበት ትዕግሥት ቢኖረኝ ኖሮ ይኼኔ ሐኪም ነበርኩ።»

ልብስ አጣቢዋ ሃያውን ደቂቃ አረጋገጠች፤ የምራቷንም ነገር እስከ መጨረሻው ነገረችው።

* * *

ቡሽ በመጋዘኑ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። መርማሪው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ማክሰኞ ቁልፉን ስትወስድ ማን አብሮህ አለ?»

«እሷ ራሷ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው አቧራ የማራግፈው። አባቷ ግን እንዲያ አያደርጉም ነበር፤ ጋሼ ቁልፉን ወርውረውልኝ ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር።» ዳቦውን አስቀመጠ። «ጋሼ ከእስር ቤት በር ላይ ነው የተቀበሉኝ። ይህን ጻፍልኝ፣ ይረሳል።»

መርማሪው ጠርሙሱን ከጋዜጣው አወጣና በብርጭቆ ጥቂት ቀዳለት። «እስቲ ቅመስ።»

«ከዚያ ወዲህ አልጠጣም።»

«አሽትተው እንጂ።»

ቡሽ አሸተተ፤ በጣቱ ነክቶ ምላሱ ጫፍ ላይ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። «ሻይ ብቻ አይደለም። ንጹህ አልኮል ጠብ ተደርጎበታል፤ እንዳይሻግት። ሰሙንም ያሸገው እጅ የለመደ ነው። ደግሞ ትናንት የተሞላ አይደለም፤ ተመልከት፣ ዝቃጩ ከስር እንዴት እንደተኛ። ይሄን የሠራው የመጠጥ ባሕርይ የሚያውቅ፣ የዚህ ቤት ሰው ነው።»

«ራስህ ላይ እየመሰከርክ መሆኑን ታውቃለህ?»

«ታዲያ ልዋሽ?» አለ ቡሽ፤ ዳቦውንም መልሶ አነሳ።

* * *

በነጋው ጠዋት መርማሪው ሱቁ ሳይከፈት ደረሰ። ከጣቢያ ስልክ ደውሎ ነርሷን በስምንት ሰዓት እንድትመጣ ጠይቋታል። ሐኪሙንም ጠርቷል፤ «ጠርሙሱን የከፈቱት እርስዎ ነዎት፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፉ ቃልዎን ሰጥተው ይሂዱ» ብሎ። የሐኪሙ ቃል ለመዝገቡ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር።

«ቁም ሳጥኑን ክፈችልኝ» አላት ባለሱቋን። «ሁሉንም አውጪ። ጀርባቸውን ወደ እኔ።»

አሥራ ሦስት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተሰለፉ። በእያንዳንዳቸው ላይ የእርሳሱ መሰላል እስካለፈው ዓመት ድረስ ይወርዳል፤ አንድም ዓመት አልተዘለለም። መርማሪው የነርሷን ጠርሙስ ከጎናቸው አቆመው። የዚህ መሰላል የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ነጭ ነው።

«በዚያ ዓመት ምን ሆነ?»

ባለሱቋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው። ሐዘን ላይ ስለነበረ ረስቶት ይሆናል።»

«የአሥራ ሦስቱን ያልረሳ ሰው? በየዓመቱ፣ አሥር ጊዜ፣ ይሄንን ብቻ?»

«እኔ እንጃ። ይህን ጠርሙስ ከሌሎቹ ለይቶ ይወደው ነበር። ‹አይሸጥም› የሚል ካርድ አንገቱ ላይ ነበር። የአባቴ የማይሸጠው ነገር ብዛቱ! ሴትዮዋ እንባ ሲቀድማት ሳይ አሳዘነችኝና ካርዱን አነሳሁት።»

«የዕቃ መግቢያ መዝገቡን አምጪ።»

መዝገቡ ላይ በአባቷ ግልጽ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ከዚያ ፋብሪካ እዚህ ቤት የገባው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የለም።

መርማሪው የብልቃጦቹን ሳጥን ከፈተ። ከመጨረሻው ረድፍ አንዷን አወጣ። ግርጌዋ ላይ ጣት የማይሞላ ወርቃማ ፈሳሽ አለ፤ የአፏ ሰም እንደ ጠርሙሱ ሰም ቀይ ነው።

«ሴትዮዋ ያሸተተችው ይህን ነው?»

«አዎ።»

«የብልቃጧ ውስኪ እውነተኛ ነው። አንድ ጠርሙስ ነው የገባው፤ እሱም ተከፍቶ አያውቅም። ታዲያ ይህች ብልቃጥ ከምን ተቀዳች?»

ባለሱቋ ብልቃጧን አየች፣ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ጣራውን፣ አባቷ የተኛበትን ክፍል ወለል አየች።

* * *

በስምንት ሰዓት ሁሉም ፎቅ ላይ ነበሩ። ሽማግሌው መስኮቱ ስር በወንበር ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ባለሱቋ አጠገባቸው ተንበርክካለች። ነርሷ በሩ አካባቢ ቆማ መግባትም መውጣትም አልሆነላትም። ሐኪሙ ረጅም፣ ሽበታም፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ የጣለ ሰው ነው፤ ታክሲው ከነሻንጣው ውጭ ቆሟል። ቡሽ ደረጃው አናት ላይ ቀረ።

መርማሪው ምንም ሳይናገር ብልቃጧን ከፍቶ ሽማግሌው አፍንጫ ስር ያዘላቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ፊታቸው በሌላ ሰው ፊት የተተካ ይመስል ነበር። በግራ እጃቸው መስኮቱ ላይ ወዳለ ደብተር ጠቆሙ፤ ልጅቷ እርሳስ አስያዘቻቸው። ፊደሉ እንደ ሕፃን ፊደል ተወላገደ፤ ግን ይነበባል።

«አብረን ጠጣነው።»

«ከማን ጋር?» አለች ባለሱቋ። ከዚያ ገባት። «ከእናቴ ጋር? እማዬ አልኮል በአፏ ዞሮ አያውቅም!»

እርሳሱ ቀጠለ። ቃል በቃል፣ እያረፈ፣ እየተነሳ። ሚስታቸው በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ሁሉ እንጨት እንጨት አላት። ምንም ጣዕም አልቀረላትም፤ ይህ ብቻ። አመሻሽ ላይ፣ ልጅቷ ሱቅ ስትዘጋ፣ በመድኃኒት መለኪያዋ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእሳቸው። ሲያልቅ ቦታው ባዶ እንዳይታይ ሻይ የሞላችው እሷ ናት። ሰሙን ያቀለጡት እሳቸው። የመጨረሻዋን ጉንጭ ግን አልጠጧትም፤ ብልቃጥ ውስጥ አስቀሯት።

«ለምን ደበቃችሁኝ?»

ሽማግሌው ጻፉ፤ «ትቆጪ ነበር።»

እውነት ነው፤ የእናቷን ክኒን በሰዓት እየቆጠረች፣ ሐኪም የከለከለውን ሁሉ ከቤት የምታስወጣው እሷ ነበረች። ባለሱቋ ሳቀች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ለቅሶ ሆነ፤ ግንባሯን የአባቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ሽማግሌው በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ ብለው፣ ተይዞ እንዳልተቀጣ ልጅ፣ ፀጉሯን ዳበሱላት።

«እኔስ?» አለ ቡሽ ከደረጃው።

«አንተማ ይቅር በለኝ፣ ቡሽዬ» አለች ቀና ሳትል።

«እንግዲህ ይህንንም ጻፍልኝ» አለ ቡሽ ለመርማሪው።

መርማሪው ብልቃጧን ለሽማግሌው መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። «አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኚህ ሴት የገዙት ይህን ሽታ ነበር። ለእኚህ ሰው። አይጠጣም፤ ማሽተት ብቻ።»

ነርሷ «አይሆንም፣ የሚስታቸው ነው» አለች ፈጥና። ሽማግሌው ግን ግራ እጃቸውን ከነብልቃጧ ወደ ሐኪሙ ዘርግተው ነበር፤ እስኪወስዳት ድረስ አላጠፉትም።

ሐኪሙ በትሕትና ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል የጨዋነት ፈገግታው ጠፍቷል። ደግሞ አሸተተ።

«አዮዲን» አለ። «አምላኬ! አዮዲን!»

ነርሷ የበሩን መቃን ያዘች።

«ይሄማ ቀልድ አልነበረም፣ ሲስተር! ከየት አመጣሽው? አንድ ጊዜ...» ካፖርቱን ወንበር ላይ ጣለው፤ ታክሲውን ረሳው። «ገና ጀማሪ ነበርኩ። ትንሽ ከተማ። ሆድ ከፍቼ መብራት ጠፋብኝ! እጄ እንዲህ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ማንም አያውቅም፣ ዛሬ ነው የምናገረው። አዮዲኑ ወድቆ ተሰበረ፤ ክፍሉ በሞላ ይሄው ነው፣ ይሄው ሽታ! ትቼ ልሮጥ ነበር። ያስቆመችኝ አንዲት ነርስ ናት። ፋኖስ ይዛልኝ፣ አራት ሰዓት፣ ብርሃኑ ለአንዲት ቅጽበት አልተነቃነቀም። እሷ ካልተንቀጠቀጠች እኔስ ለምን አልኩ። ሐኪም የሆንኩት ያን ቀን ነው።»

«ማን ነበረች?» አለች ባለሱቋ ዓይኗን እየጠረገች።

«በነጋው ብጠይቅ ሄዳለች አሉኝ። ስሟን የያዘ ሰው የለም። ስንት ዓመት ፈለግኋት! በሄድኩበት ሆስፒታል ሁሉ ረጃጅሞቹን ነርሶች ነበር የማየው።»

«ረጃጅሞቹን?» አለ መርማሪው።

«ረጅም ነበረች እኮ። ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ ፋኖሱ ከራሴ በላይ ነበር የሚያበራው። ፊቷ ተሸፍኗል፤ ቁመቷን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

መርማሪው ነርሷን አየ። ቁመቷ የበሩን መዝጊያ እጀታ ብዙም አያልፍም። አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ እስካሁን ያላየው ነገር ነበር፤ ደስታ ይሁን ሌላ መለየት አቃተው። ዓይኑን ወደ ምርመራ መዝገቡ መለሰና የመጨረሻውን መስመር መጻፍ ጀመረ፤ «ወንጀል አልተፈጸመም።»

«እና ባገኟት ምን ይሏት ነበር?» አለች ባለሱቋ።

«ምን እላታለሁ? እሱማ...» ሐኪሙ ብልቃጧን መልሶ አፍንጫው ስር ያዘ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ያዳምጣሉ። ቡሽም ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቧል።

ከታች የበሩ ደወል ጮኸ።

«ሰው ገባ መሰለኝ» አለች ባለሱቋ። «ቡሽ፣ እስቲ እይ።»

ቡሽ በደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ተመለከተ። «ማንም የለም» አለ፤ ቶሎ ብሎም ነርሷ ቆማበት የነበረውን ባዶ ደጃፍ አልፎ ወደ ወሬው ተመለሰ።

ሐኪሙ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ፋኖሱ የት ድረስ እንደነበር እያሳያቸው ነበር።